ጀርባውን ለገበያ የሰጠ የንግድ ትምህርት

ከፍ ያለ ትምህርት የሚሻ ወጣት ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ በጎንደር፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የንግድ ሥራ አመራርና የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ከመንግሥት ሥራ የገባ ሰውም ሥራውን ሳይለቅ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ክፍል ተመዝግቦ ይማራል። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን መልካሙን ማመስገን ብቻ የጎደለውን አይሞላውምና የምንናገረው ስለ ጎደለው ነው። በየክፍለ ሀገሩ የተከፈተው የንግድ ትምህርት ከደጁ ያለውን ገበያ አያውቀውም፤ ሊያውቀውም የሚጨነቅ አይመስልም።

ነገሩን ለማስረዳት ጎንደርን እንውሰድ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። ከዚህ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር የተቋቋመው። በዚያ የጤና መኰንኑ፥ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አብረው ሠለጠኑ፤ ትምህርታቸውም በክፍል ውስጥ ብቻ አልተወሰነም፤ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወረዱ ከሕዝቡ መካከል ተማሩ። እንግዲህ ሕክምና ወደ ጎንደር ሲመጣ በሽታው ወዳለበት መጣ ማለት ነው። የንግድ ትምህርትስ ወደ ክፍለ ሀገር ሲወርድ ወዴት መጣ? ሕንፃው መጣ፤ መምህሩም መጣ፤ መጽሐፉ ግን አሜሪካ ቀረ።

ተማሪው ከሚያነበው መጽሐፍ የሚበዛው ለአሜሪካ ተማሪ የተጻፈ ነው። በዚያ ውስጥ ገንዘቡ ዶላር ነው፤ ነጋዴው አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራውን በይፋ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ነው፤ ተማሮቻችን ግን ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ሙሉ የአክሲዮን ዋጋ ሲያሰሉ ኖረዋል። ይህን መማራቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ነጋዴው ሁሉ ሱቁን የከፈተበትን እቁብ፥ ዕቃውን የሚያወጣበትን ዱቤ፥ ሻጭና ገዢን የሚያገናኘውን ደላላ በስንተኛው ምዕራፍ እናገኘዋለን?

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ተወርዶ በመተማና በቋራ ቆላ፥ ወደ ሰሜን ምዕራብም እስከ ሁመራ ድረስ ሰሊጥ ይዘራል። ሰሊጥ አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ሰብሎች ዋና ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጠባዩ ግን ገበሬንም ነጋዴንም ያስጨንቃል። ፍሬው ሲደርስ ቅርፊቱ ስለሚከፈት፥ አጨዳው በጥቂት ቀን የዘገየ እንደ ሆነ ምርቱ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ በባለ እርሻው እጅ መገኘት አለበት። ባንክ በጊዜው ያልደረሰለት ከነጋዴ ይበደራል፤ ብድሩንም በምርት ጊዜ፥ ዋጋ በወደቀበት ሰሞን፥ በሰሊጥ ይከፍላል። የዚህ ብድር ወለድ ስንት ነው? ወለድ ተብሎ በወረቀት አልተጻፈም፤ በሰሊጡ ዋጋ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራልና አውጥቶ የሚያሰላው ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሂሳብ የተማረ ሰው ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው? በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመ በኋላ፥ ሰሊጥ በመጋዘን እየተመዘነና በደረጃ እየተለየ ሲሸጥ፥ ከገበሬው እጅ የገባው ዋጋ ምን ያህል ተለወጠ? በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህስ፥ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ኪሳራው በማን ላይ ወደቀ? በደላላው ነው፥ በባለ መኪናው ነው፥ ወይስ በአራሹ? በገዛ ፈቃዱ ይህን የመረመረ ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ የትምህርቱ ሥርዓት ግን ግድ አይለውም።

የንግድ ትምህርት ገበያውን አለማወቁ ሰው ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን ሀ፥ ለ፥ ሐ ብሎ ሲከፍል፥ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነውን የሐ ደረጃ ነጋዴዎች መዝገብ እንዲይዙ አላስገደደም፤ ግብራቸውም በግምት ተወሰነ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የቀን ገቢ ግምቱ በተነገረ ጊዜ በብዙ ከተሞች ቅሬታ ተነሣ፤ ባንዳንዶቹም ሱቆች ተዘጉ። ገማቹ ይህን ያህል ትሸጣለህ ይላል፤ ነጋዴው ከየት አምጥቼ ይላል፤ በመካከላቸው ቆሞ የሚመሰክር ወረቀት ግን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ከተሞች ደግሞ በዚያው ሰሞን ብዙ መቶ ተማሮች በዓለም ላይ የሌለ ኩባንያ መዝገብ እየሞሉ ማርክ ይቀበሉ ነበር።

መምህራን የሚመልሱልንን እናውቃለን። የሂሳብ ሕግ በኒው ዮርክም በጎንደርም አንድ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲት አገር አይለይም ይሉናል። እውነት ነው። የወባም በሽታ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ስለዚህ ተብሎ የጤና ተማሪው ከክፍል አይውጣ አልተባለም። ሁለተኛም፥ ነጋዴ መዝገቡን ለተማሪ አያሳይም ይባላል። ይህ ከፊተኛው የበለጠ ክብደት አለው። ከመንግሥት ወንበር ተቀምጠን ባለጉዳይ የምናስተናግድ ሰዎች ፍርሃቱን እናውቀዋለን፤ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ሁሉ ለነጋዴው የግብር ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ሐኪም የበሽተኛውን ምስጢር እንደሚጠብቅ፥ ተማሪውም ያየውን ለማንም እንዳያወጣ በጽሑፍ ይታሰር። ነጋዴውም ዱቤው የት እንደ ቀረና የትኛው ዕቃ እንደሚያከስረው ተሰልቶ ሲቀርብለት ተማሪውን ራሱ ይጠራዋል። የሥራ ልምምድ አለ የሚሉም አሉ። እኛም መሥሪያ ቤት ተለማማጆች ይመጣሉ፤ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲያደርሱና ፋይል ሲደረድሩ ጊዜያቸው ያልቃል።

በቋንቋም ነገር ጥቂት እንበል። ዲግሪ የያዘው ልጅ የተማረውን ለባለ ሱቁ በአማርኛ ማስረዳት ሲያቅተው፥ አማርኛው አይበቃም ብሎ ቋንቋውን ይከሳል። ሕጋችን ግን የእርጅና ቅናሽ፥ ትርፍና ኪሳራ፥ ሀብትና ዕዳ እያለ ጽፎታል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው፥ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፥ ስለ ሀብት፥ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ በአማርኛ አስተምረዋል።

ስለ ራሳችን፥ ይኸውም ስለ ቅዳሜና እሑድ ተማሮች፥ የሚነገረውንም ሰምተናል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚማረው ለእድገት ማስታወቂያ ነው፤ ወረቀቱን እንጂ ዕውቀቱን አይሻም ይሉናል። ማስታወቂያው በማኔጅመንት ወይም በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ብሎ ከጠየቀ፥ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ዲግሪውን ቢፈልግ ምን ያስነውረዋል? ይልቅስ እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፥ ግብር የሚሰበስበው፥ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሂሳብ የሚመረምረውና ከባንክ መስኮት የሚቀመጠው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የከተማይቱ ንግድ ግማሹ በእነዚህ ሰዎች እጅ ያልፋል። ከመምህሩ ወገን ግን እናንተ በየቀኑ የምታዩት ምንድር ነው ብሎ የጠየቀን የለም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ይህን አይጠይቅም፤ በመጽሐፍ ያለውን ይጠይቃል እንጂ።

ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሱቅ፥ አንድ ወፍጮ ቤት ወይም አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ይሰጠው፤ ዓመት ሙሉ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ መዝገቡን በአማርኛ ይያዝ፤ ማርኩም ከዚያ ይታሰብለት። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለዚያው ከተማ ንግድ ይሁን፤ የነጋዴው ስም ተሰውሮ አንድ ቅጂ ለከተማው የንግድ ምክር ቤት ይግባ። ይህን ለመጀመር አዲስ በጀት መጠበቅ አያሻም። በጎንደር የቅዳሜ ገበያ የሚቆመው እኛን የመሰሉ ተማሮች ክፍል በሚገቡበት ቀን ነው፤ መምህሩ ከቅዳሜው ትምህርት ሁለት ሰዓት ያህሉን እዚያ ቢያደርገው የትምህርት መርሐ ግብሩ እንኳ አይናጋም።