ስም የሚመልስ ሕግ አለ፤ የሚናገር ጠፋ

“ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” እንላለን። ለደግ ሰው ብለን ነው። አንድ ጊዜ ታስሮ ለወጣ ሰው ግን ይኸው አባባል ሁለተኛ ቅጣት ሆኖበታል።

ፉሪን እዩልኝ። ድሮ በሰበታ ሥር የነበረች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ፋብሪካና መጋዘን አለ። ጥበቃ ወይም ሾፌር ሆኖ ለመቀጠር “ተያዥ አምጣ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃም አምጣ” ይባላል። ተያዡስ በዘመድ አዝማድ ይገኛል፤ ማስረጃው ግን በአማላጅ አይመጣም። በሃያ ዓመቱ ተደባድቦ የታሰረ ልጅ፣ አርባ ሲሞላውም ያው “የታሰረው” ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ መፍትሔው ተጽፎ መቀመጡ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ “መሰየም” የሚለው ነገር አለ። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው፣ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ሌላ ቅጣት ከነበረ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየ፣ ካሣና መቀጮውንም አቅሙ በፈቀደ ከከፈለ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ በክፋት ተነሳስቶ “አንተ እስረኛ” የሚለው ሰው ክብርን በመንካት ይጠየቃል፤ “እውነቴን እኮ ነው” ማለትም አያድነውም።

ብዙ ሰው በይቅርታ የወጣ ስሙ የጸዳ ይመስለዋል። አይደለም! ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም። ይግባኝም “ፍርዱ ተሳስቷል” ለሚል ነው። መሰየም ግን “አጥፍቼ ነበር፤ ዕዳዬን ከፍያለሁ” ለሚል ሰው የተከፈተ በር ነው።

ዳኛው ሲፈርድ “የይግባኝ መብት የተጠበቀ ነው” ይላል። ደግ አደረገ። ስለ መሰየምስ ማን ይንገር? እስረኛ ሲፈታ መቼና እንዴት እንደሚያመለክት የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ቢሰጠው ማን ይጎዳል?

“ቢደግመውስ?” የሚሉ አሉ። ሕጉ አስቦበታል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ዳግም በከባድ ወንጀል ከተፈረደበት መሰየሙ ይሻራል። እኛ ግን በሩን ዘግተን ስናበቃ፣ “ምነው ወደ ድሮ ሥራው ተመለሰ?” ብለን እንገረማለን። ታዲያ ወዴት ይሂድ?