ደፍ አልባው ወለልና የክረምቱ እርጥበት

በደሴና በኮምቦልቻ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከሊሾና ከፕላስቲክ ምንጣፍ ይልቅ ላሚኔት ማንጠፍ እየተለመደ መጥቷል። ገዢው በልማድ ‹‹ፓርኬ›› ይለዋል፤ ፓርኬ ግን አይደለም። ፓርኬ እውነተኛ እንጨት ሲሆን፣ ላሚኔት ግን በኃይል ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራና የእንጨት ምስል የታተመበት ወረቀት የተለበጠበት ሰሌዳ ነው። ከወለሉ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ፋሽንም አለ። ይኸውም ሳሎኑን፣ ኮሪደሩንና መኝታ ክፍሎቹን በበሮቹ ሥር እንኳ ሳያቋርጡ አንድ ወጥ አድርጎ ማንጠፍ ነው። ቤቱን ሰፊ ያስመስለዋል፤ ለዓይንም ያምራል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ለደሴ ቤቶች የማይመች ፋሽን ነው። ክረምት ሲገባ ወለሉ ሲያብጥና ሲነሳ ወቀሳው በአንጣፊው ላይ ይወርዳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ‹‹በር ላይ አትቁረጥብኝ›› ያለው ባለቤት ትእዛዝ ነው።

ላሚኔትን እ.ኤ.አ. በ1977 የፈለሰፈው ፐርስቶርፕ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሆን፣ ለገበያ ያቀረበውም ‹‹ፐርጎ›› በሚል ስም ነው። ያለ ማጣበቂያ በጥርሱ የሚቆላለፈው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ይህ ወለል ከሥሩ ካለው ሲሚንቶ ጋር አይጣበቅም፤ በሚስማርም አይመታም። በስስ ስፖንጅ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። እንዲንሳፈፍ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የእንጨት ቃጫ ዋና ክፍል የሆነው ሴሉሎስ የውሃ ሞለኪውሎችን ከአየር ይስባል፤ ሲስብ ያብጣል፤ ሲለቅ ይሰበሰባል። የላይኛው የሜላሚን ሽፋን ውሃን ቢመክትም፣ በሰሌዳዎቹ መጋጠሚያና በታችኛው ገጽ በኩል ያለው ትንፋሽ አይቋረጥም።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የሙያው ልማድ እንደሚያስተምረው አንድ ሜትር ላሚኔት በደረቅና በእርጥብ ወቅት መካከል እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊለዋወጥ ይችላል። 5 ሜትር ሳሎን፣ 3 ሜትር ኮሪደርና 4 ሜትር መኝታ ክፍል በአንድ መስመር ቢያያዙ 12 ሜትር ይሆናሉ፤ ለውጡም ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይኸው 12 ሜትር የሲሚንቶ ወለል ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር እንኳ የሚረዝመው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ባልበለጠ መጠን ነበር። ስለዚህ በሊሾ የለመድነውን ልማድ ወደ ላሚኔት ማዛወር አይቻልም።

‹‹በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር 10፣ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከተተወ 20 ይሆናልና ይበቃል›› የሚል አንባቢ ይኖራል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ወለሉ ያለ እክል መንሸራተት ከቻለ ብቻ ነው። በእኛ ቤት ሳሎኑ ጫፍ ላይ በሰሃንና በብርጭቆ የተሞላ ብፌ፣ መኝታ ክፍሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ይቆማል። ሁለቱ ወለሉን በሁለት ጫፍ እንደ ሚስማር ይይዙታል። መሄጃ ያጣው እርዝመት ወደ ላይ ይወጣል። በ2 ሜትር ርቀት በሁለት ጫፍ የተያዘ ሰሌዳ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝምና መሐሉ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ቢታጠፍ፣ ከፍታው በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በደብተሩ ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ቦታ በሩ ነው። 4 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክፍሎች 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ በር በኩል ሲያያዙ፣ የሁለቱም ክፍሎች ግፊት በዚያች ጠባብ አንገት ላይ ያርፋል። ስፋቱ በ5 ሲቀነስ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል። በክረምት ይገፋታል፤ በበጋ ይጎትታታል። የመጋጠሚያው ጥርስ መጀመሪያ የሚሰበረው በዚያ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም አየራቸው የተለያየ ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ ላይ በ24 ዲግሪ ሙቀት 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ላይ ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አንዲት ጠብታ ተን ሳይጨመርበት፣ የአየር ግፊቱን መቀነስ ከግምት አስገብተን እንኳ፣ እርጥበቱ ወደ 59 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ መጋዘን ተጭኖ ደሴ የደረሰ ላሚኔት በዚያው ዕለት መነጠፍ የለበትም። ቢያንስ 48 ሰዓት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ተኝቶ አየሩን መልመድ ይኖርበታል።

ወቅቱም ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ቤታችንን የምንሠራውና የምንጨርሰው በአብዛኛው በበጋ ነው፤ ይኸውም ሰሌዳው ደርቆ እጅግ አጥሮ ባለበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ማበጥ ብቻ ነው፤ የደቡብ ወሎ በልግ ይቀድማል፣ ክረምቱ ይከተላል። በሰሜን አውሮፓ ቤቱ በክረምት በማሞቂያ ስለሚሞቅ ወለሉ የሚደርቀው በክረምት ነው። የእኛ ቤት ማሞቂያ ስለሌለው ወለሉ የውጭውን ወቅት ተከትሎ ይሄዳል። ዛሬ አንዳንድ አምራቾች ከ10 ሜትር በላይ ያለ መቋረጥ ማንጠፍን ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን የቤቱ እርጥበት በተወሰነ ወሰን ውስጥ መቆየቱን በቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ። ይህን ቅድመ ሁኔታ ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ የሚያሟላ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በዓል ሲመጣ ደግሞ እርጥብ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቡናው እስከ በረካ ሲጠጣ የረከቦቱ ሥር ይረጥባል፤ ውዱ አድርጎ የሚገባውም እግሩ እርጥብ ነው። ይህን ሁሉ ሊሾ ችሎት ኖሯል። ልማዱን ተዉ ማለት አይገባም፤ ከረከቦቱ ሥር አንድ ምንጣፍ ማድረግና ቄጠማውን በማግስቱ ማንሳት ይበቃል።

እንግዲህ በበር በበሩ ላይ ወለሉን መቁረጥና ክፍተቱን ‹‹ቲ›› ቅርጽ ባለው የአሉሚኒየም ዘንግ መሸፈን ያስፈልጋል። የጥንቱ ቤት ደፍ ነበረው፤ ማንም አስቀያሚ ነው አላለውም። ዘንጉ ከወለሉ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በተለይ ሲሚንቶው በቅርብ ጊዜ የፈሰሰ ከሆነ ከስፖንጁ ሥር የፕላስቲክ ሸራ ማንጠፍም አይዘንጋ።

ከዚህ የሚቀረው ሥራ የተማሪዎች ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ካምፓስ አለው። ሁለት ቴርሞ ሜትር፣ የአንደኛውን ጫፍ የሚጠቀልል እርጥብ ጥጥና አንድ ደብተር ቢገኝ፣ በሁለቱ ከተሞች የክፍል ውስጥ እርጥበትን ለአንድ ዓመት በየቀኑ መመዝገብ ይቻላል። ያኔ አንጣፊው ምን ያህል ክፍተት መተው እንዳለበት ከባዕድ አገር ወረቀት ሳይሆን ከራሳችን መዝገብ ያነባል።

ወለሉ አስቀድሞ የተነሳበት ሰው ሁሉንም ማፍረስ አይጠበቅበትም። መጀመሪያ ዞኮሎውን አንስቶ ሰሌዳው ግድግዳውን የት እንደነካ ይመልከት፤ የነካውን ይቁረጥ፤ ብፌውንም ለጥቂት ቀናት ከቦታው ያንሳ። ጥርሱ ካልተሰበረ ወለሉ በአብዛኛው ተመልሶ ይተኛል፤ ካልተኛ በሩ ላይ መቁረጥ ነው።