ጉልበት ወይስ ዕድሜ?

አንባቢ ሆይ፥ ቁስቋም ላይ መብራት በጠፋበት ማታ ለፈተና የምታጠናበት ላፕቶፕ የሚታደግህ በባትሪው ዕድሜ እንጂ በጉልበቱ አይደለም። ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሐደው ግራፊክስ ዋናውን ሜሞሪ ተጋርቶ በጥቂት ኃይል ይሠራል፤ ራሱን የቻለው ግን የራሱ ቺፕና ሜሞሪ ስላለው፥ ሥራ ሲበዛበት ባትሪውን ፈጥኖ ይጨርሳል። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ዋት ለሚወስድ ላፕቶፕ 5 ሰዓት፥ 50 ዋት ለሚወስድ ግን 1 ሰዓት ብቻ ያገለግላል። እርግጥ ነው፥ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ወይም ፊልም ለሚያቀናብር ሰው ሁለተኛው ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ላፕቶፕም ሥራው ሲቀል እርሱን ያጠፋዋል። በእኔ አስተያየት ግን፥ ለሚያነብና ለሚጽፍ ተማሪ የተዋሐደው ይበቃዋል። ለማትጠቀምበት ጉልበት ብለህ በጨለማ አትቀመጥ፤ ከመግዛትህ በፊት ሥራህን መዝን።