ሲኒው የቻይና ነው፤ ጀበናውስ የማን ነው?

«ሲኒ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከዓረብኛ ነው፤ ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው። ስለዚህ ወረታ ላይ ጀበና ቡና እየጠጣ «ሲኒው ሳይቀር ከቻይና ይምጣ?» ብሎ የሚያማርር ሰው ስሰማ ፈገግ እላለሁ። ስሙ ራሱ ነግሮናል እኮ!

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተደረገ ቁፋሮ በመካከለኛው ዘመን ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኝቷል። የእኛዋ ይፋግም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር የሚያልፉ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። የሩቅ አገር ዕቃ ለዚህ መንገድ እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቻይናዎች ድሮ ሻይን ፈጭተው በጎድጓዳ ሳህን እየመቱ ነበር የሚጠጡት። በ1391 እ.ኤ.አ. የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ ለቤተ መንግሥት የሚገበረው ተጠፍጥፎ የደረቀ ሻይ ቀርቶ ቅጠሉ እንዲገባ አዘዘ። ቅጠሉን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ሲለመድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተፈላጊ ሆነ። ዪሺንግ የምትባል ከተማ በዚህ ስሟ ገነነ። ማንቆርቆሪያዋ እንደ ጀበናችን ሸክላ ነው፤ የሻዩን መዓዛ ይመጣል፤ ሲያገለግል ይጣፍጣል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የዪሺንግ ባለሙያ ከሥሩ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። የታወቀ ሰው እጅ ከሆነ ዋጋው አይቀመስም።

እኛስ? ጀበና ሠሪዋን «ቡዳ» አልናት። ጎንደር ዙሪያ ሸክላ ይሠሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይህን ስድብ ለዘመናት ተሸክመውታል። ብዙዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዱ። ስድቡ ግን እዚሁ ቀረ፤ ዛሬም ሸክላ ሠሪ ልጅህን ስጠኝ ብትለው ፊቱን የሚያዞር አለ። ቡናውን «ባህላችን» ብለን ፎቶ አንስተን ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን፤ ያቺ ጭቃ ረግጣ፣ ጠፍጥፋ፣ በእሳት የተኮሰችው ሴት ግን ስም የላትም።

ሲኒ ከቻይና መግዛት አያሳፍርም። ከቻይና መማር የነበረብንን አለመማር ነው የሚያሳፍረው። እና ወዳጆቼ፣ ቀጣይ ጀበና ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የሠራችውን ሴት ስሟን ጠይቋት። ፈቃዷ ከሆነ ፎቶው ሥር ጻፉት። ጀበናዋ ላይም ስሟን ብትቀርጽበት፣ ማሟሸቱ ለእኛ፣ ክብሩ ለእሷ ይሁን።