ክሳት የእርጅና ጣጣ አይደለም

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ካንሰር ተገኘባቸው ሲባል ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ኬሞው፣ ስለ ጨረሩ ወረፋና ስለ መድኃኒቱ ዋጋ ነው። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ መንጠልጠሉን፣ ቀለበታቸው ከጣታቸው መውለቁን ሁሉም ያያል። «እድሜም ነው፣ በሽታውም ነው» ይባልና ይታለፋል። እኔ ግን ይህ ማለፍ ሰው እየጎዳብን ነው እላለሁ። የካንሰር ታማሚ አረጋዊ ክሳት ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ሊለካ ይችላል፣ መታከምም አለበት፤ ያውም ኬሞው ከመጀመሩ በፊት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲዊስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ታማሚዎችን አጥንተው፣ በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ኬሞ ከመጀመራቸው በፊት ክብደት የቀነሱት ካልቀነሱት ያነሰ ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳይተዋል።

ካንሰር የሚያከሳው ምግብ በመከልከል ብቻ አይደለም። ሰውነትን ያስቆጣል፤ ከዚያ ቁጣ የሚመነጩት ንጥረ ነገሮች የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፣ ጡንቻንም ያፈርሳሉ። ስለዚህ ታማሚው እየበላም ሊከሳ ይችላል። አረጋዊው ደግሞ ወደዚህ የሚገባው ጡንቻው አስቀድሞ ሳስቶ ነው። ወጣቱ ከአንድ እንቁላል የሚያገኘውን ያህል ጡንቻ እርሱ አያገኝም። ጥርስ ጎድሏል፣ አፍ ይደርቃል፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ከሚዋጠው መድኃኒት አንዳንዱ ጣዕም ያጠፋል፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ደግሞ ማዕድ ራሱ ይከብዳል። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ከሁሉ ይብሳል፤ መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ ይላል፣ ከዚያ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውሃው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ እንዲህ ያለው ታማሚ አዲስ አበባ የሚደርሰው ተርቦ ነበር።

የኬሞ መጠን ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከቁመትና ከክብደት ነው። እኩል ኪሎ ካላቸው ሁለት ሰዎች ጡንቻው ያነሰው ግን በመድኃኒቱ የበለጠ ይጎዳል፤ መጠኑ ይቀነስለታል፣ ሕክምናው ይቋረጥበታል። ሚዛኑ ላይ የሚነበበው ቁጥርም ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ጋር ካልተነጻጸረ ዋናውን ነገር ሳይናገር ይቀራል። 60 ኪሎ የነበሩ እናት ሳያስቡት በስድስት ወር ውስጥ ከ57 በታች ከወረዱ፣ ከ5 በመቶ በላይ አጥተዋል፤ ዓለም አቀፉ መስፈርት ይህን የምግብ እጥረት ምልክት ይለዋል። ሆድ ወይም እግር ውሃ ሲቋጥር ሚዛን ያታልላል። ቁመትና ክብደት መለካት በማይቻልበት ጊዜ የባትን ዙሪያ መለካት ይረዳል፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ማነሱ ያሠጋል። ለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የሕፃናትን ክንድ እየለካ የተጎዳውን መለየት የሚያውቅ የጤና ሥርዓት ይህን ለአያቶቻቸው ማድረግ አያቅተውም።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ ትልቁ ነገር ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርጋሉ። ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን አረጋውያኑ ልብ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ እናት «አሁን ወደ ፈጣሪዬ ስቃረብ ልፍታ?» ሲሉ፣ የሐኪም ቁጣ አያሳምናቸውም። የሚያሳምኗቸው የንስሐ አባታቸው ወይም ኢማማቸው ናቸው፤ ሐኪሙ እነርሱን ማነጋገርን የሕክምናው አካል አድርጎ ሊያየው ይገባል። ካልሆነና ጾሙ ከቀጠለ ደግሞ ቢያንስ ሆድ ባዶ የሚውልበት ሰዓት ይጠር፤ ሽሮው ዘይት ይብዛለት፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ኦቾሎኒ ይግቡበት።

ሌላው ጉዳት ከፍቅር የሚመጣ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጅ ይደውልና «ስኳር ካንሰርን ይመግባል፣ ሥጋም አትስጧቸው» ይላል። የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሐኪሞች መመሪያ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ለክሳት የተጋለጠ ታማሚ ምግብ የሚያሳንስ ገደብ አይደረግበት፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲንም ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ያግኝ ይላል። ለ50 ኪሎ ሰው ይህ እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ነው፤ አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቀጭን አጥሚት ብቻ አይሞላም። አጥሚቱ በወተት ይሠራ፣ እንቁላል ይጨመር፣ ቅቤ ይግባበት፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይቅረብ።

ምግብ ብቻውን ሁሉንም እንደማይመልስ አውቃለሁ። በሽታው በጣም ከገፋ በኋላ የጠፋው ጡንቻ በጉርሻ አይመለስም፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ «ብሉ፣ ብሉ» እያሉ ማስጨነቅ ለታማሚው ሥቃይ ነው፤ ያን ጊዜ ከንፈራቸውን ማራስና እጃቸውን መያዝ ይሻላል። ቀድመን እንጀምር የምለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እናት ወይም አባት የምታስታምሙ፣ ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን መዝኗቸውና ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተር ያዙ። ደብተሩን ለሐኪሙ አሳዩና «ስንት በመቶ ቀነሱ? ምን ይደረግላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ሳታገኙም አትውጡ።