ጥርሳችንን ወዴት እንውሰደው?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ፈተናም፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥም፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓትም ብዙ ተጽፏል። ዛሬ እኛ አንድ የመኝታ ክፍል የምንጋራ ስምንት ሠልጣኞች ስለ ጥርስ እንጽፋለን። «ደግሞ ለጥርስ!» ብሎ የሚያልፍ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ያንን ሌሊት እስክናይ ድረስ እንደዚያው ስንል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱን የታች መንጋጋው ያመው ጀመር። ቀን ቀን ቻል ያደርገዋል፤ ማታ ጋደም ሲል ግን ይብስበታል። አንዱ ቅርንፉድ አስነከሰው፤ ሌላው ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ አጉመጠመጠው፤ ሦስተኛው ከሻንጣው የሕመም ማስታገሻ ፈልጎ ሰጠው። እስኪነጋ ድረስ ከስምንታችን የተኛ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄደ። ካርድ አውጥቶ፣ ግማሽ ቀን ተራ ጠብቆ ገባ። ባለሙያዋ በደንብ ካየችው በኋላ «ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ የሥር ሕክምና እዚህ አንሠራም፤ ወይ እንንቀልልህ፣ ወይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር እንጻፍልህ» አለችው። የመንቀያው ዋጋ ኪስ የሚጎዳ አልነበረም። ከዚያ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ጎራ አለ። እዚያ ወረፋ የለም። ራጅ ተነሣና «ጥርሱ ይድናል፤ ነርቩ ወጥቶ ሥሩ ይጸዳል፣ ይሞላል፣ በላዩም ልባስ ይደረግለታል» ተባለ። ዋጋውን ሲሰማ ግን ሕመሙን እንኳ ለጊዜው ረሳው። ከቤት ለአንድ ሴሚስተር ከሚላክለት ገንዘብ ይበልጣል!

ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ይነቀልና ይገላገል እንጂ! ከዚህ ሁሉ ጥርስ አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል?» አለ። ሌላው ወገን «ያዋቂ ሰው ጥርስ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይበቅልም፤ ተበድረንም ቢሆን የግሉ ጋ ይሂድ» ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን የረሳው ነገር አለ።

በመጀመሪያ የመንግሥቱን እንይ። ዋጋው የድኻውን አቅም ያገናዘበ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሪፈር ወደላይ ይልካል። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ ለዚህ ሙያ የምንተማመንባቸው ሰዎች የሚወጡትም ከዚያ ነው። ችግሩ በየወረዳው ስንወርድ ነው። መሣሪያው ወይ የለም፣ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ የመሙያው ዕቃ አልቋል። ስለዚህ ሊድን የሚችል ጥርስ እንኳ በጉጠት ይሸኛል። ሪፈር ቢጻፍም የመሳፈሪያውን፣ የማደሪያውንና ከትምህርት የሚቀሩበትን ቀን አብሮ ማሰብ ነው።

የግሉ በበኩሉ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዕቃውም ብዙ ጊዜ የተሟላ ነው። ሆኖም መጀመሪያ የሚነገረው ዋጋ ሁልጊዜ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። የሥሩ ሕክምና ለብቻ፣ ራጁ ለብቻ፣ ልባሱ ለብቻ ሲቆጠር ሰው መሐል መንገድ ላይ ገንዘብ ያልቅበታል። ሥሩ ታክሞ ልባስ ሳይደረግለት የቀረ መንጋጋ ደግሞ አንድ ቀን ቆሎ ሲበሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ ገንዘቡም ጥርሱም ሄደ ማለት ነው።

«ይነቀልና ይገላገል» የሚለው ወገን የረሳው ይህን ነው፤ መንቀል ርካሽ የሚሆነው ለዚያ ቀን ብቻ ነው። አንድ መንጋጋ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከላይ ሲገጥመው የነበረውም ቀስ በቀስ ወደታች ይወርዳል፤ ማኘክ ወደ አንድ ጎን ይሆናል። በኋላ ልተካው ቢሉ ወጪው ካሁኑ ሊከብድ ይችላል። ወላጆቻችን ካርዱን የያዙለት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው፤ ለብዙ ገበሬ ቤተሰብም ደርሶለታል። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። እንግዲህ መንቀሉ ቀላል፣ መተካቱ የራስ ዕዳ ነው።

«ተበድረንም ቢሆን» የሚለው ወገን የረሳውስ? ጊዜን! እኛ ገንዘብ ስናዋጣ፣ ስንከራከር፣ «የሚቀጥለው ወር ይሁን» ስንል ሦስት ሳምንት አለፈ። ጥርሱ ግን አልጠበቀንም። አንድ ጠዋት ጓደኛችን ጉንጩ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት፣ አፉን መክፈት አቅቶት ተነሣ። ወደዚያው መንግሥት ሆስፒታል ይዘነው ሮጥን። መድኃኒት ተሰጠው፤ እብጠቱ ሲጎድልም ጥርሱ ተነቀለ። ያዋጣነው ገንዘብ እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ። ባየነው ቁጥር እናፍራለን።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። የመንግሥት ወይስ የግል የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ብቻ ጥዝ የሚያደርግ ሳለ፣ በአንድ ቀን ሙሌት ያልቃል። ያን ጊዜ የመንግሥቱም የግሉም በር አይከብድም። ነገሩ ከዘገየ ደግሞ በቦርዱ ሳይሆን በሕክምናው እንምረጥ። ለምርመራ፣ ሊድን ለማይችል ጥርስና ለድንገተኛ እብጠት የመንግሥቱን እንቅደም፤ እብጠትና ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ሊድን የሚችል ሆኖ በአቅራቢያችን የመንግሥት ተቋም የማይሠራው ከሆነ ግን የግሉን እንሞክር፤ ነገር ግን ፈቃዱን አይተን፣ ጠቅላላ ዋጋውን እስከ ልባሱ ድረስ በወረቀት አስጽፈን፣ በየጊዜው መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቀን ይሁን። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለመሥሪያ ቤታችንም አንድ ሐሳብ አለን። ሠልጣኝ ሲገባ ዓይንና ጥርስ በዓመት አንዴ ቢታይ፣ በየክፍሉም ለእንዲህ ያለ ቀን የምትሆን ትንሽ መዋጮ ብትቀመጥ መልካም ነው። ለሠርግና ለሐዘን እናዋጣ የለ? ለጥርስስ ምን ከለከለን?

ይህ የእኛ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰው የአፍና የጥርስ ችግር አለበት። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ነገ ተመርቀን የምንመደብበት ቀበሌ የመንግሥቱም የግሉም የጥርስ ሐኪም የሌለበት ሊሆን ይችላል። እዚያ ከኋላ ዴስክ ላይ ጉንጩን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። ሰነፍ ነው ብለን ከመቆጣታችን በፊት አፉን እንዲከፍት እንጠይቀው፤ ወላጁንም ጠርተን «ዛሬ ውሰዱት» እንበል።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም እንላለን።