ሸጠ ወይስ ሸጡ?

አንዲት ነጥብ ቤተሰብ ታቃቅራለች ብትሉኝ ድሮ እስቅባችሁ ነበር። አሁን አልስቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጋዜጠኝነት ትምህርት በተመረቅኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በውርስ ቤት ክርክር ላይ ያሉ አንዲት እናት አነጋገርኩ። “ድምፄ እንዳይቀዳ” አሉኝ። እሺ ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸው ሲናገሩ፣ እኔ ስጭር፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ማታ ማስታወሻዬን ሳነብ “ቤቱን ሸጡ” ይላል። እንዳለ ጻፍኩት። ታተመ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። “ልጄ፣ እኛ መቼ ሸጥን? እሱ ሸጠ ነው እኮ ያልኩሽ!”

ደብተሬን ገልጬ ደግሜ አየሁት። እስክሪብቶዬ እዚያች ቦታ ላይ ቀለም ተፍቷል። የተፋው ነጥብ “ጠ” ጎን ላይ አርፎ “ጡ” አስመስሎታል። ታላቅ ወንድም ብቻውን የሠራው ሥራ፣ በእኔ ደብተር የመላው ቤተሰብ ሥራ ሆነ። ማረሚያው ወጣ፤ ያውም አንድ ጥግ ላይ፣ በሁለት መስመር። ሴትዮዋ እሷን ቆርጠው ላኮረፏቸው እህቶቻቸው ማዞር ነበረባቸው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ወር እጄ የገባ ብዕር ነው። ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ያመጣችልኝ፣ ጃፓን ሠራሽ “ፕላቲነም ፕረፒ” የሚባል የቀለም ብዕር። የሀብታም ዕቃ እንዳይመስላችሁ። ገላው ፕላስቲክ ነው፤ ከቀለም ብዕሮችም ከርካሾቹ ተርታ የሚመደብ ነው። የእኔዋ ቀጭኗ ናት፤ ላይዋ ላይ “03” ተጽፎባታል። አዲስ ብዕር ሲሞክር ሰው ሁሉ ስሙን ወይ ፊርማውን ይጽፋል አይደል? እኔ የጻፍኩት “ሸጠ፣ ሸጡ” ነው። ሁለቱም ጥርት ብለው ወጡ።

የጃፓኖቹ “ቀጭን” ከአውሮፓውያኑ “ቀጭን” ይቀጥናል። ምክንያቱ ጽሕፈታቸው ነው። አንድ የካንጂ ምልክት በጠባብ ቦታ ላይ አሥርና ከዚያም በላይ ጭረት ሊታጨቅበት ይችላል፤ ወፍራም ጫፍ ይደፍነዋል። የእኛስ? “ቡ”ን ከ“በ” የምትለየው ከጎን የወጣች ጭረት ናት። “ቢ” እና “ቤ” የሚለያዩት እግራቸው ሥር ባለችው ነገር ነው፤ አንዱ ጭረት፣ አንዱ ቀለበት። ቀለበቷ ከተደፈነች “ቤ” ጠፋ ማለት ነው። ማን እንደሠራ፣ ስንት ሆነው እንደሠሩ፣ አንቱ ይሁን አንተ፣ ይሄን ሁሉ የተሸከሙት እነዚህ ኢምንት ጭረቶች ናቸው። የብራና ጸሐፊዎቻችን መቃቸውን ራሳቸው ቀርጸው፣ ጫፉን ሰንጥቀው የሚያዘጋጁት ለጨዋታ አይደለም።

“በዚህ ዘመን ማን በእጁ ይጽፋል?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዕቁብ ደብተራችሁን እስቲ ግለጡት፤ “ከፈለ” ነው “ከፈሉ”? የቀበሌ ማመልከቻችሁንስ? የሐኪም ማዘዣውንማ ተዉት።

አሁን ደግሞ ሐሜቱን። ብዕሯ ቅንጡ ናት። በርካሽ ደብተር ላይ ቀለሙ ይሰርጋል፤ ከጀርባ በኩል መጻፍ አይቻልም። ሚኒባስ ውስጥ ቆሜ ልጽፍባት ሞክሬ እጄም ወረቀቱም ሰማያዊ ሆነዋል። ግድግዳ ላይ ወረቀት አስደግፋችሁ ሽቅብ ስትጽፉም ትቀራለች።

ደግሞ ታሪኩ ራሱ ያስቃል። ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ ኳስ እስክሪብቶ የፈለሰፈው ላስሎ ቢሮ የሚባል ሃንጋሪያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ጋዜጠኛ! የቀለም ብዕር እየተዝረከረከ ቢያስመርረው፣ ቶሎ የሚደርቀውን የጋዜጣ ቀለም አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። የሙያ ወንድሜ ከሸሸው ነገር ጋር እኔ ተመልሼ ታረቅሁ ማለት ነው።

ለምን ታረቅሁ? እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም። ብዕር ግን ቀለሙ በስንጥቁ ራሱ ስለሚወርድ ወረቀቱን መንካት ብቻ ይበቃዋል። ስትጫኑት ጫፉ ይበላሻል። ስለዚህ እጄ ለዘበ፤ ፍጥነቴም ቀነሰ። ቀርፋፋ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ነገር ለማድረግ ይገደዳል፦ “ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ” ይላል።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱን ለእስክሪብቶው ሳሸክም ስንት ጊዜ ኖርኩ! ቀለም የተፋውስ እሱ ነው፤ ማታ ስልክ አንስቼ “ሸጠ ነው ወይስ ሸጡ?” ብዬ ያልጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ። የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት አነጋግሬ ስጨርስ፣ ማስታወሻዬን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ላይ አረሙኝ። ብዕሯ እንከን አልነበረባትም፤ የተሳሳተው ጆሮዬ ነው።

ቀጭን ብዕር ብታገኙ ግዙ፤ ፊደላችን ይወዳታል። ለጆሮ የሚሆን ብዕር ግን ገበያ ላይ የለም፤ ጠይቁ።